ባለዛጎል ሰንጢ ስትገዙ መጀመሪያ ሚስማሩን እዩ

አባቴ ደሴ ውስጥ የሒሳብ መምህር ነበር። ከኮቱ የውስጥ ኪስ ሁለት ነገር አይጠፋም፤ እርሳስና ሰንጢ። ሰንጢዋ ከትንሽ ጣት አትበልጥም። እጀታዋ ነጭ ነው፤ ወደ መብራት ሲያዞራት ብልጭ ትላለች። ማታ ማታ የተማሪ ደብተር ሲያርም እርሳሱን በእሷ ይቀርጻል። እርማቱ ሲያልቅ ብርቱካን ይልጥባታል። ልጣጩን ሳይበጥስ እንደ ክር ከላይ እስከ ታች አውርዶ ለእኔ ይሰጠኛል። ሰንጢዋን ግን አያስነካኝም። «እጅህን ትቆርጥሃለች» ይለኛል።

እሱ ሲያርፍ ሰንጢዋ ለእኔ ደረሰች። አሁን የምኖረው አትላንታ ነው፤ የምሠራው የጥርስ ላብራቶሪ ውስጥ። ቀኑን ሙሉ ሰው ሠራሽ ጥርስ ከባለቤቱ ጥርስ ጋር በቀለም ሳመሳስል እውላለሁ። ማጉያ መነጽር፣ መብራት፣ ስንጥቅ ፍለጋ፤ እንጀራዬ ይሄው ነው። ከዘጠኝ ዓመት በፊት አንድ ቅዳሜ ሰፈራችን ውስጥ ኢስቴት ሴል ነበርና ገባሁ። ባለቤቱ ያረፈበት ቤት ዕቃ በሙሉ ሲሸጥ ማለት ነው። አንድ የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ከአዝራርና ከአሮጌ ቁልፍ ጋር ተቀላቅላ የአባቴን የምትመስል ሰንጢ አየሁ። 15 ዶላር ከፍዬ ወጣሁ። ዛሬ ቤቴ ውስጥ 43 ባለዛጎል ሰንጢዎች አሉ።

ይሄን የምጽፈው እንደ እኔ መጀመር ለሚፈልግ ሰው ነው። ሌላውን ሁሉ ብትረሱ አንድ ነገር ያዙልኝ። ብዙ ሰው ዛጎሉ ሲያበራ አይቶ ይገዛል። ዛጎል ደግሞ ሁሉም ያበራል። ዓይናችሁ መጀመሪያ መሄድ ያለበት ሚስማሩ ላይ ነው። ሚስማር የምለው ዛጎሉን ከሰንጢው ብረት ጋር ሰፍታ የያዘችውን፣ የስፒል ራስ የምታህለውን ነጥብ ነው። የሰንጢው ታሪክ እዚያች ነጥብ ዙሪያ ተጽፏል። እመለስበታለሁ፤ መጀመሪያ ግን ዛጎሉን እንተዋወቅ።

ኢየሩሳሌም ተሳልሞ የመጣ ዘመድ ያላችሁ ሰዎች ታውቁታላችሁ። ከቤተልሔም የሚመጡት ነጫጭ የሚያብረቀርቁ መስቀሎች ከዚሁ ነገር ነው የሚቀረጹት። ዐረብ አገር የሠራችሁ ደግሞ «ሰደፍ» ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል። ዕንቁ የምትፈጥረው የባሕር ፍጥረት የቤቷን ውስጠኛ ግድግዳ የምትለስንበት ነገር ነው። አራጎናይት የሚባል የካልሲየም ካርቦኔት ዓይነት በስስ በስሱ ይነጠፋል። የአንዷ ንጣፍ ውፍረት የአንድ ሚሊሜትር ሁለት ሺህኛ አካባቢ ነው። በንጣፎቹ መሀል እንደ ሙጫ የሚያገለግል ፕሮቲን አለ። ብርሃን በእነዚህ ንጣፎች ገብቶ ሲመለስ ነው ሮዙም፣ አረንጓዴውም፣ ሰማያዊውም የሚታየን። ቀለም ተቀብቶ አይደለም። ይሄን ማወቅ የሚጠቅመው ለፉገራ ሳይሆን ለምርመራ ነው። እውነተኛ ዛጎል ስታዘነብሉት ቀለሙ ቦታ ይለውጣል፤ ብርሃኑ ከላዩ ሳይሆን ከውስጡ የሚመጣ ይመስላል።

ለሰንጢ እጀታ የተመረጠው ትልቁና ወፍራሙ ዛጎል ነው። ሳይንሱ ፒንክታዳ ማክሲማ ይለዋል፤ ከሰሜን አውስትራሊያ፣ ከኢንዶኔዥያና ከፊሊፒንስ ባሕር ይወጣል። አንድ ዛጎል ስፋቱ እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ሊደርስ ይችላል። ብሩም የምትባለው የአውስትራሊያ ከተማ ያደገችው በዚህ ንግድ ነው። አብዛኛው ዛጎል ይሄድ የነበረው ግን ወደ ሰንጢ ሳይሆን ወደ ልብስ አዝራር ነበር። የፕላስቲክ አዝራር ሲመጣ ንግዱ ወደቀ።

እኛም ሰፈር ይሄ ነገር እንግዳ አይደለም። ቤተ ክርስቲያን የማውቃቸው የምፅዋ ልጅ የሆኑ አንድ ጋሼ አሉ። አንድ እሑድ ቡና ላይ አንዷን ሰንጢ አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አወጡ፣ እጀታዋን በአውራ ጣታቸው ዳበስ ዳበስ አደረጉና «ልጄ፣ ይሄማ የባሕራችን ነገር ነው» አሉኝ። ከዳህላክ ደሴቶች ዕንቁና ዛጎል ከጥንት ጀምሮ ይወጣ ነበር። የቀይ ባሕሩ ዝርያ ጠርዙ ጠቆር ያለ ነው፤ ከአውስትራሊያው ያንሳል። እሳቸው ልጅ ሆነው ዛጎሉ በጆንያ ሲጫን ያዩትን ነገሩኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ ጠቆር ያለ ዛጎል ሳገኝ ለይቼ አስቀምጥላቸዋለሁ።

አባሎኒ ሌላ ፍጥረት ነው። ባለ አንድ ክዳን የባሕር ቀንድ አውጣ ነው፤ ጆሮ ይመስላል፤ ዳሩ ላይ የተደረደሩ ቀዳዳዎች አሉት። የዕንቁ ዛጎል ረጋ ያለ ነጭ ሲሆን አባሎኒ ግን እሳት ነው። የካሊፎርኒያው ቀይ አባሎኒ ሮዝ፣ አረንጓዴና ብርማ ቀለም እንደ ማዕበል ይጋጭበታል። ፓዋ የሚባለው የኒውዚላንዱ ዓይነት ወደ ሰማያዊና ወይን ጠጅ ያደላል። በቀለሞቹ መሀል የምታዩት ጥቁር ወይም ቡናማ መስመር ቆሻሻ አይደለም፤ በንጣፎቹ መካከል ያለው ፕሮቲን ነው። ደግሞም ጥሩ ምስክር ነው፤ አስመስለው የሚሠሩት እሱን አሳምረው መሥራት አይችሉም። አባሎኒ ጠማማና ስስ ስለሆነ ረጅም እጀታ ከአንድ ቁራጭ ማውጣት ይከብዳል። ስለዚህ ረጅም ሆኖ ወጥ የሆነ አባሎኒ ካያችሁ ሁለቴ ተመልከቱ። ካሊፎርኒያ ውስጥ ለንግድ አባሎኒ መልቀም በ1997 ተከልክሏል፤ ቀይ አባሎኒ ለመዝናኛ መጥለቅም ከ2018 ጀምሮ ተዘግቷል። ሥራው የድሮ የሆነ ንጹሕ ሰንጢ የሚወደድበት አንዱ ምክንያት ይሄ ነው።

ከምን ልጀምር?

ይሄን ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። መልሴ አንድ ነው፤ ከእንግሊዝ የብር ፍራፍሬ ሰንጢ ጀምሩ።

ድሮ የሰንጢ ስለት ከተራ ካርቦን ብረት ነበር። የፍራፍሬ ኮምጣጣ ሲነካው ይጠቁራል፤ ፍሬውም ብረት ብረት ይላል። ስለዚህ በቢላና በሰንጢ ሥራ የታወቀችው የእንግሊዟ ከተማ የሼፊልድ ሠሪዎች ስለቱን ከብር፣ እጀታውን ከዕንቁ ዛጎል አድርገው ለፍራፍሬ ብቻ የምትሆን ታጣፊ ሰንጢ ያወጡ ነበር። በጣም ብዙ ነው የተሠራው። በ1913 ሃሪ ብሪርሊ እዚያው ሼፊልድ ውስጥ የማይዝግ ብረት ካገኘ በኋላ የብር ስለት አስፈላጊነቱ እየቀረ ሄደ። ብዙ ስለተሠራ ዛሬም በደህና ዋጋ ይገኛል። ከሁሉ የሚበልጠው ጥቅሙ ግን ዕድሜዋ ስለቷ ላይ ተጽፎ መገኘቱ ነው።

አንዷን አብረን እንያት። ይህቺ ሦስተኛ ግዢዬ ናት። ተዘግታ 8 ሳንቲ ሜትር ነች። ስትከፈት ስለቷ ሥር አምስት ጥቃቅን ማኅተሞች ተደርድረዋል። አንደኛው የሚራመድ አንበሳ ነው፤ ብሩ ከ1000 እጅ 925 ንጹሕ ነው ማለት ነው። ሁለተኛው ዘውድ ነው፤ ሼፊልድ ተመረመረች ማለት ነው። በርሚንግሃም ብትሆን ኖሮ መልሕቅ ይሆን ነበር። ሼፊልድ ዘውዱን ትታ ጽጌረዳ መጠቀም የጀመረችው በ1975 ነው። ሦስተኛው ፊደል ነው፤ ፊደሉ በየዓመቱ ስለሚለወጥ ሠንጠረዥ አይቶ ዓመቱን ማወቅ ይቻላል። አራተኛው የንግሥት ቪክቶሪያ ራስ ነው። የነገሥታት ራስ የሚመታው ቀረጥ ለተከፈለበት ብር ነበር፤ በ1890 ቀርቷል። ስለዚህ ፊደሉን ሳላነብ እንኳ ከ130 ዓመት በላይ እንደሆናት አውቃለሁ። አምስተኛው የሠሪው ስም መነሻ ፊደሎች ናቸው። እጀታዋ መሀል ላይ ጥፍር የምታህል የብር ሰሌዳ አለች፤ የማን እንደሆነ የማላውቀው የአንድ ሰው ስም ሁለት ፊደል በእጅ ተቀርጾባታል። 60 ዶላር ነበር የገዛኋት።

ማኅተሙን ለማንበብ 10 እጥፍ የሚያጎላ የወርቅ ሠሪ መነጽር ግዙ። ውድ አይደለም። የመጀመሪያውን ሰንጢ ከመግዛታችሁ በፊት ይሄን ግዙ።

ሚስማሩ

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ሰንጢውን ዘግታችሁ ያዙት። የስልካችሁን መብራት ከላይ ሳይሆን ከጎን አብሩበት፤ ብርሃኑ እጀታው ላይ ተኝቶ እንዲያልፍ። ከላይ የሚመጣ መብራት ስንጥቅን ይደብቃል፣ ከጎን የሚመጣው ያጋልጣል። እኔ ጥርስም የማየው እንደዚህ ነው። ከዚያ በማጉያው እያንዳንዷን ሚስማር ዙሩ። በአንድ ወገን ባብዛኛው ከሁለት እስከ አራት ናቸው። ሁለቱንም ወገን እዩ፤ አደራ።

የምትፈልጉት እንደ ፀጉር የቀጠነች መስመር ነው። ከሚስማሩ ትነሣና ወደ ጠርዝ ወይም ወደ ሌላው ሚስማር ትሮጣለች። ዛጎል አይታጠፍም፣ አይለጠጥም። ከሥሩ ያለው የናስ ጠፍጣፋ ግን በሙቀት ይሰፋል፤ ሚስማሩም ብረት ከሆነ ሲዝግ ያብጣል። ሰንጢው ሲወድቅ ደግሞ ጉልበቱ ሁሉ የሚሰበሰበው ቀዳዳው ጋ ነው። ስለዚህ ዛጎል ሲሰነጠቅ ባብዛኛው የሚጀምረው ከዚያ ነው።

ጀማሪን የሚያደናግር ነገር አለ። ዛጎል ራሱ የዕድገት መስመር አለው፤ እንደ ዛፍ ቀለበት። ስንጥቅ ነው ብሎ ጥሩ ሰንጢ ጥሎ የሄደ ሰው አውቃለሁ። ልዩነቱን በጥፍራችሁ ታገኙታላችሁ። ጥፍራችሁን በመስመሩ ላይ አግድም ጎትቱት። የዕድገት መስመር ከሆነ ጥፍር ያልፋል። ስንጥቅ ከሆነ ያዝ ያደርገዋል። ሌላም ምልክት አለ፤ የዕድገት መስመር ከጎረቤቶቹ ጋር ተሰልፎ ይሄዳል፣ ሚስማር ላይ አይጀምርም። ስንጥቅ ብቻውን ነው የሚሄደው።

ሚስማሩ ሌላም ይናገራል። እጀታው ተለውጦ እንደሆነ። የድሮ ሰንጢ ላይ አዲስ ዛጎል መግጠም የተለመደ ነው፤ ሻጩ ከተናገረ ነውር የለውም። የማይናገር ግን አለ። የሚስማሩ ራስ ከቀረው ብረት ይልቅ አዲስና የሚያብረቀርቅ ከሆነ፣ ዙሪያው የመዶሻ ወይም የሞረድ ጭረት ካለ፣ ወይም በዛጎሉና በእጀታው ጫፍ ባለው ብረት መሀል ወረቀት የሚያስገባ ክፍተት ካለ ጠይቁ። የድሮ ሠራተኛ ዛጎሉን ከብረቱ ጋር ሲያጋጥም ጣት ስታሳልፉበት መጋጠሚያው አይሰማም።

የተሰነጠቀ ልግዛ ወይስ ልተው? የእኔ ሕግ ይሄ ነው። ከሚስማር ወደ ጠርዝ የሄደች አንድ አጭር ስንጥቅ ከሆነች፣ ሰንጢውም ሌላ ጊዜ የማላገኘው ከሆነ፣ በግማሽ ዋጋ እገዛለሁ። ከሚስማር እስከ ሚስማር ከሄደች አልገዛም። ነገ ግማሹ እጄ ላይ ይቀራል።

አንዴ ተቃጥያለሁ። ኢንተርኔት ላይ አንዲት የጀርመን ዞሊንገን ሰንጢ አየሁ። ፎቶዎቹ ሰባት ነበሩ። ሰባቱም ከአንድ ወገን የተነሡ መሆናቸውን ያየሁት ከከፈልኩ በኋላ ነው። ስትደርስ በሌላው ወገን ስንጥቁ በሁለቱ ሚስማሮች በኩል አልፎ በሙጫ ተሞልቷል። ከሩቅ አይታይም፤ ከጎን ስታበሩበት ግን ሙጫው ብቻ አያብረቀርቅም፤ የሞተ ክር ይመስላል። ሻጩ ገንዘቤን አልመለሰም። ከዚያ ወዲህ የሁለቱም ወገን፣ የጀርባውና የስለቱ ሥር ፎቶ ካልተላከልኝ አልከፍልም።

ስለቱንም አትርሱት፤ ግን እዚህ ላይ ብዙ አልቆይም። ስትከፍቱትና ስትዘጉት ሞላው ጠንከር ብሎ «ጧ» ማለት አለበት። ወደ ጎን መወዛወዝ የለበትም። ስለቱ በሞረድ ብዛት ያለቀ መሆኑን ለማወቅ የጥፍር መክፈቻዋን፣ ማለትም ስለቱን በጥፍር ስበን የምናወጣባትን ጎድጎድ ያለች ቦታ እዩ፤ በእሷና በስለቱ አፍ መሀል ያለው ቦታ ካለቀ ስለቱም አልቋል። ዝገት ጉድጓድ ከሠራ አይመለስም።

አስመሳዮቹ

ሦስት ዓይነት ናቸው። አንደኛው የዛሬ ፕላስቲክ ነው፤ ቀላል ነው፣ ጉንጭ ላይ ስታስጠጉት ቶሎ ይሞቃል። እውነተኛ ዛጎል እንደ ድንጋይ ቀዝቃዛ ነው፤ ቆይቶ ነው የሚሞቀው። ሁለተኛው ስስ የአባሎኒ ቅጠሎችን በሙጫ ደራርቦ የተሠራ ነው። ይሄ ውሸት አይደለም፤ ዛጎሉ እውነተኛ ነው፣ ለአዲስ ሰንጢ ያምራልም። ግን በወጥ ዛጎል ዋጋ መሸጥ የለበትም። ጠርዙን በማጉያ እዩት፤ እንደ መጽሐፍ ገጽ የተደረደሩ እኩል ንጣፎች ታያላችሁ።

ሦስተኛው ሴሉሎይድ ነው፤ የድሮው ፕላስቲክ። ከሁሉ የሚያታልለው እሱ ነው፤ ምክንያቱም ሰንጢው ራሱ እውነተኛ አሮጌ ነው። እጀታው የተሰባበረ በረዶ ይመስላል፤ ብልጭታው ቁርጥራጭ ቁርጥራጭ ነው፣ ድንበር አለው። የእውነተኛ ዛጎል ብልጭታ ግን ይፈሳል። በአውራ ጣታችሁ አጥብቃችሁ ፈትጉትና አሽትቱ፤ እንደ ቪክስ ያለ የካፉር ሽታ ከመጣ ሴሉሎይድ ነው። የጋለ መርፌ ንኩበት የሚሏችሁ አሉ። ፈጽሞ እንዳታደርጉት። ሴሉሎይድ በእሳት ቦግ ይላል። እውነተኛ ዛጎል ከሆነ ደግሞ ጠባሳ ትታችሁበት ትሄዳላችሁ።

ማጉያውን የገዛሁ ዕለት ማታ የአባቴን ሰንጢ አወጣሁ። መብራቱን ከጎን አበራሁ። የተሰባበረ በረዶ። ፈተግኩና አሸተትኩ። ካፉር። ለረጅም ሰዓት እጄ ላይ ይዣት ተቀመጥኩ። አባቴ ይሄን ያውቅ አይመስለኝም፤ ከመርካቶ፣ ከምናለሽ ተራ እንደገዛት ብቻ ነው የነገረኝ። አልከፋኝም። ሌሎቹን ሁሉ እንድወድ ያደረገችኝ እሷ ናት።

ጽሑፉን ማንበብ

የስለቱ ሥር ላይ ያለው ማኅተም ብዙ ይነግራችኋል። አሜሪካ በ1890 ባወጣችው የቀረጥ ሕግ ምክንያት ከ1891 ጀምሮ ከውጭ የሚገባ ዕቃ የተሠራበት አገር እንዲጻፍበት ግድ ሆነ። ስለዚህ «ኢንግላንድ» ወይም «ጀርመኒ» የሚል ካለበት ባብዛኛው ከዚያ ወዲህ ነው። ከሼፊልድ ሠሪዎች ውስጥ የጆሴፍ ሮጀርስን ኮከብና መስቀል፣ የጆርጅ ዎስተንሆልምን «አይ ኤክስ ኤል» ፈልጉ።

አሜሪካኖቹ ደግሞ ቁጥር ይወዳሉ። የፔንሲልቬንያው ሰንጢ ሠሪ ኬዝ ስለቱ ሥር በሚያትመው ቁጥር የመጀመሪያው አኃዝ የእጀታው ዓይነት ነው፣ ሁለተኛው የስለቱ ብዛት። 8 እውነተኛ የዕንቁ ዛጎል ነው፤ 9 አስመሳይ ዛጎል፤ 6 አጥንት፤ 5 የአጋዘን ቀንድ። 8233 የሚል ካያችሁ ዛጎል እጀታ፣ ሁለት ስለት፣ ቅርጽ ቁጥር 33 ማለት ነው። 9233 ያው ቅርጽ ሆኖ አስመሳይ ነው። በ6 የሚጀምር ቁጥር ያለው ሰንጢ ላይ ዛጎል ካያችሁ ደግሞ አንድ ሰው እጀታውን ለውጦታል። ከ1970 ጀምሮ ኬዝ ከስሙ ሥር አሥር ነጥብ ማተም ጀመረ፤ በየዓመቱ አንዷን ነጥብ ይቀንሳል። 1979 ላይ አንድ ቀረች። የድሮው ሬሚንግተን ሰንጢ ላይ ደግሞ እጀታውን የሚነግራችሁ የመጨረሻው አኃዝ ነው፤ በ4 ከጨረሰ ዛጎል ነው።

ይሄ እውቀት ገንዘብ ነው። አትላንታ ውስጥ በየዓመቱ በሰኔ መጀመሪያ አካባቢ ብሌድ ሾው የሚባል ትልቅ የቢላና የሰንጢ ገበያ አለ። አንድ ዓመት አንድ አዛውንት ሻጭ ጋ ቁጥሯ በ6 የሚጀምር ባለዛጎል ኬዝ አየሁ። ዋጋዋ 220 ዶላር ተብሎ ተጽፏል። አልተከራከርኩም። ማጉያዬን አውጥቼ ቁጥሯን አሳየኋቸውና «ይሄ 6 አይደለም እንዴ?» አልኳቸው። ተቀብለው ለረጅም ጊዜ አዩ። «ከአንድ ቤት ሙሉ ስብስብ ገዝቼ ነው፣ እኔም አላየሁትም» አሉ። ከዚያ ወረቀቷን ቀድደው 90 ብለው ጻፉ። ገዛኋት፤ ምክንያቱም ዛጎሉን የገጠመው ሰው እጁ ጥሩ ነበር። አሁንም በየዓመቱ እሳቸው ጋ እሄዳለሁ፤ ዛጎል ሲያገኙ ከጠረጴዛው ሥር ያስቀምጡልኛል። ወደ ቴነሲ የምትሄዱ ከሆነ ደግሞ ሰቪየርቪል ውስጥ ስሞኪ ማውንቴን ናይፍ ወርክስ የሚባል ትልቅ መደብር አለ፤ ብሔራዊ የሰንጢ ሙዚየሙ እዚያው ውስጥ ነው። ብዙ እውነተኛ ዛጎል በአንድ ጊዜ አይታችሁ ዓይናችሁን የምታሠለጥኑበት ቦታ ነው።

አያያዝ

ዛጎል ከአሲድና ከኃይለኛ ኬሚካል ጋር አይስማማም። ኮምጣጤ፣ ሎሚ፣ ላብ፣ ሽቶ፣ አሞንያ፣ በረኪና፤ ሁሉም ይበላዋል። ፍራፍሬ ሰንጢ የተሠራችው ለፍራፍሬ ቢሆንም ጭማቂው እጀታዋን ይጎዳል። አንድ ጊዜ እንግዳ መጥቶ እኅቴ በአንዷ የብር ሰንጢዬ ሎሚ ቆርጣ ሳትጠርጋት መሳቢያ ውስጥ አስቀመጠቻት። በነጋታው ሳወጣት ጭማቂው የደረቀበት ቦታ ብርሃኑ ጠፍቶ ኖራ መስሏል። እስከ ዛሬ እንደዚያው ነው። መጠቀም ይቻላል፤ ግን ወዲያው በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉ፣ ከዚያ በደረቅ።

ስለቱንና ሞላውን በቀላል የማዕድን ዘይት ቀቡ፤ አንድ ጠብታ ትበቃለች። የምግብ ዘይት አይሆንም፤ ይዝለገለጋል። ዛጎሉን ለማጽዳት ለብ ያለ ውኃና ለስላሳ ጨርቅ በቂ ነው። በቆዳ ኪስ ውስጥ አታስቀምጡ፤ ቆዳው የተለፋበት ኬሚካልና እርጥበቱ ብረቱን ያዝገዋል። ከአዲስ ጫማ ካርቶን የምታገኟትን እርጥበት መጣጭ ከረጢት ከሰንጢዎቹ ጋር ጨምሩ። ዛጎል ራሳችሁ መሞረድ ወይም መቁረጥ ካሰባችሁ አቧራው ሳንባ ይጎዳል። ላብራቶሪ ውስጥ እንደምናደርገው ውኃ እየነከራችሁ፣ ደህና ማስክ አድርጋችሁ ሥሩ።

አገር ቤት ይዛችሁ የምትሄዱ ከሆነ በእጅ ሻንጣ አታስገቡ፤ ፍተሻው ላይ ይወሰድባችኋል። በሚጫነው ሻንጣ ነው። እንግሊዝ ያላችሁ ደግሞ ያለ በቂ ምክንያት ኪሳችሁ ይዛችሁ መዞር የምትችሉት ስለቱ ከ3 ኢንች የማይበልጥና የማይቆለፍ ታጣፊ ሰንጢ ብቻ ነው።

የመጨረሻው ምክሬ ስለ ሴሉሎይድ ነው። ሴሉሎይድ ሲያረጅ ጋዝ ይተፋል፤ ጋዙ አሲድ ነው፤ አጠገቡ ያለውን ብረት ይበላል። ይሄን ሳላውቅ የአባቴን ሰንጢ ከሌሎቹ ጋር በአንድ የተከደነ ሣጥን ሁለት ዓመት አስቀመጥኳት። ስከፍት ጎረቤቶቿ የነበሩት አራቱ ስለታቸው ላይ ቡናማ ነጥብ አውጥተዋል፤ የእሷም ስለት እንደዚያው። ስለዚህ ሴሉሎይድ ሁሉ ለብቻው፣ አየር በሚያገኝበት ቦታ፣ ከፀሐይና ከሙቀት ርቆ ይቀመጥ።

የአባቴ ሰንጢ አሁን ክዳን በሌላት የእንጨት ሣጥን ውስጥ መደርደሪያው ላይ ብቻዋን ናት። በወር አንዴ አውርጄ ስለቷን በዘይት አብሳለሁ። ብርቱካን የምልጠው በሼፊልዷ ነው። ልጄ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ሰንጢዋን ስትለምነኝ አልሰጣትም፣ ልጣጩን ነው የምሰጣት። ከዚያ ጭማቂው ሳይደርቅ እጀታዋን እጠርጋለሁ።